ረቂቁን ይዘን ወደ ብሉ ሪጅ ተራሮች

ውድ አንባቢ፣ እርስዎ ቤት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ደብተር አለ? እንዳለ እገምታለሁ። በየቤተ ክርስቲያናችን ምስክርነቱን በጽሑፍ አስቀምጦ "አንድ ቀን መጽሐፍ ይሆናል" እያለ በየዓመቱ አዲስ ደብተር የሚገዛ ወገን ብዙ ነው። እኔም ከእነዚያ አንዷ ነበርኩ። ሀብቴ ሦስት ደብተርና ጥጉ የተሰነጠቀ አንድ ላፕቶፕ ነበር። ዛሬ የማጫውትዎ ያንን ጽሑፍ ተሸክመን ወደ አንድ የክርስቲያን ጸሐፊዎች ጉባኤ ስለሄድንበት መንገድ፣ ስላየነው አገርና እዚያ ስለገጠመን ነገር ነው። "ስለሄድንበት" ማለቴ ባለቤቴም አብሮኝ ስለነበረ ነው። እንዲያውም ዋናው ነገር የመጣው በእሱ በኩል ነው።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከተማውን የሚያውቁት ያውቁታል፤ እንጀራው፣ ቡናው፣ የአማርኛው ጫወታ ሁሉ በእጅ ነው። ሁለቱ ልጆቻችን ግን አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አያነቡም። ስለዚህ መጀመሪያ በአማርኛ የጻፍኩትን ሁሉ በእንግሊዝኛ እንደገና ጻፍኩት። ጽሑፉ በ2014 እ.ኤ.አ. ስላጣነው ሦስተኛው ልጃችን ነው። ዘጠኝ ወር ጠብቀነው ሳይተነፍስ ተወለደ። እኔ በጸሎት ቡድኑ እህቶች ትከሻ ላይ አለቀስኩ። ባለቤቴ ግን ከዚያ ወዲያ ለሁለት ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያን አልረገጠም። ታክሲ ይነዳ ስለነበር ሰዎች ሲጠይቁኝ "እሑድም ሥራ ነው" እያልኩ እሸፍንለት ነበር። ይህንንም ጻፍኩት፤ ሰባተኛው ምዕራፍ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የክርስቲያን ጸሐፊዎች ጉባኤ የቆየ ነገር ነው። ካሊፎርኒያ ሳንታ ክሩዝ ተራሮች ላይ ያለው ማውንት ኸርመን ለአሥርተ ዓመታት እንዲህ ያለውን ጉባኤ አስተናግዷል። እኛ የሄድነው ግን ሰሜን ካሮላይና ሪጅክረስት ላይ ወደሚደረገው የብሉ ሪጅ ተራሮች ክርስቲያን ጸሐፊዎች ጉባኤ ነው፤ ጊዜውም ግንቦት 2015 ዓ.ም. ነበር። መመዝገቢያው፣ ማደሪያውና ምግቡ ሲደመር የአንድ ወር የቤት ኪራያችንን ይጠጋ ነበር። ሂሳቡን ለባለቤቴ ሳሳየው ወረቀቱን ገለባብጦ "መንገዱን እኔ እነዳለሁ" አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም።

ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። እንዲህ ያለ ጉባኤ ስብከት ሰምተው የሚመለሱበት ኮንፈረንስ አይደለም። ጠዋት ዝማሬና ቃል አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰው ሁሉ ወደየክፍሉ ይበተናል። ልብ ወለድ የሚጽፍ ወደዚያ፣ የሕይወት ታሪክ ወደዚህ፣ የልጆች መጽሐፍ ወዲያ። በመካከሉ ከአሳታሚ ድርጅት አርታኢዎችና ከደራሲ ወኪሎች ጋር ፊት ለፊት የሚቀመጡባቸው አጫጭር ቀጠሮዎች አሉ። የእኔ 15 ደቂቃ ነበር። ሐኪም ዘንድ እንኳ ከዚያ የበለጠ ይቆያሉ! ለዚያች 15 ደቂቃ ስድስት ወር ተዘጋጀሁ።

የመጀመሪያው ሥራ መጻፍ አልነበረም፤ ማንበብ ነበር። የሚመጡት አርታኢዎች ስምና የሚሠሩበት ቤት አስቀድሞ ይገለጻል። እያንዳንዱ አሳታሚ በቅርብ ዓመታት ያወጣውን መጽሐፍ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ አገላበጥኩ። ይህን ባላደርግ ኖሮ ምን ይደርስብኝ እንደነበር ልንገርዎ። ስሙን ስለወደድኩት ብቻ ልመዘገብበት የነበረው አንዱ ቤት የሚያሳትመው የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ስለ ሟች ልጄ ላወራው ነበር እኮ!

ሁለተኛው ሥራ አንዲት ገጽ ማዘጋጀት ነበር። ርእሱ፣ መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ በጥቂት መስመር፣ ማን እንደሚያነበው፣ ጸሐፊዋ ማን እንደሆነችና ስንት ቃል እንደሆነ። አዎ፣ እነሱ የሚቆጥሩት በገጽ ሳይሆን በቃል ነው። የሕይወት ታሪክ በአብዛኛው ከ50,000 እስከ 80,000 ቃል ቢሆን ይመርጣሉ። የእኔ 130,000 ነበር። ያን ቁጥር ኮምፒውተሩ ሲያሳየኝ በጣም ኮርቼ ነበር።

ከዚያች ገጽ ሌላ ሰፋ ያለ ማቅረቢያ ይፈልጋሉ። በውስጡ የምዕራፎቹ ጭምቅ ሐሳብ፣ ሁለት ወይም ሦስት የናሙና ምዕራፍና በቅርብ ዓመታት የወጡ ተመሳሳይ መጻሕፍት ዝርዝር ይገባል፤ የእርስዎ ከእነዚያ በምን እንደሚለይም መናገር አለብዎት። እኔ በዚያ ቦታ ላይ "ይህን የመሰለ መጽሐፍ ተጽፎ አያውቅም" ብዬ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ልጆቻቸውን በወሊድ ያጡ እናቶች የጻፉትን መደርደሪያ ሳይ አፈርኩ። አራቱን ተውሼ አነበብኩ፤ በሁለቱ አለቀስኩ። ከእነሱ ቀጥሎ የእኔ ምን ይጨምራል የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ አንድ ወር ፈጀብኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን መጽሐፉን በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ነበር። ቅዳሜ ማታ በስልክ ለሚሰበሰበው የጸሎት ቡድናችን ሞከርኩት። ስጨርስ ሁሉም ዝም አሉ። ከዚያ በዕድሜ የሁላችን እናት የሆኑት እትዬ "ልጄ፣ ይሄ መጽሐፍ ነው ወይስ የስብከት ርእስ?" አሉኝ። ስልኩ ሁሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እውነታቸውን ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚሁ ልጣል። በዝግጅቱ ወራት አንድ ሰው ደውሎ "መጽሐፍሽን እናሳትምልሻለን፣ ጌታ በአንቺ ላይ ዓላማ አለው" አለኝ። ረቂቁን አንድ ገጽ እንኳ አላየም። የጠየቀኝ ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ልዩነቱን ይወቁት፤ መብቱን ገዝቶ የሚያሳትም ድርጅት ለደራሲው ይከፍላል እንጂ ከደራሲው አይቀበልም። ወኪልም የሚወስደው መጽሐፉ ሲሸጥ ከሚገኘው ነው፤ የተለመደው 15 በመቶ ነው። በራስ ገንዘብ ማሳተም ነውር የለበትም፤ ብዙዎቹ የአማርኛ መጻሕፍቶቻችን በዚህ መንገድ ነው የወጡት። ነውሩ የማተሚያ አገልግሎት እየሸጡ "መርጠንሻል" ማለቱ ነው። የጌታን ስም ጠርቶ ሲሆን ደግሞ ይባስ።

እሑድ ገና ሳይነጋ ተነሣን። ዳቦ ቆሎ፣ በፔርሙስ ሻይ፣ በፎይል የተጠቀለለ ፍርፍር፣ ከኋላ ወንበር ላይ ደግሞ ከ450 ገጽ በላይ የሆነው ረቂቄ በፌስታል ነበር። መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። 81 ቁጥር ሀይዌይን ይዘው በሸናንዶዋ ሸለቆ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ሃሪሰንበርግ፣ ስታንተን፣ ሌክሲንግተን፣ ሮኖክ። በግራዎ የብሉ ሪጅ ተራሮች በእውነትም ሰማያዊ ሆነው አብረውዎት ይጓዛሉ፤ በቀኝዎ የከብት ግጦሽና ቀይ ቀለም የተቀባ ጎተራ አለ። ባለቤቴ የሰላሌ ልጅ ነው፤ ከብት ባየ ቁጥር መኪናውን ቀዝቀዝ ያደርጋል። ዊዝቪል ላይ ነዳጅ ቀድተን ቦታ ተለዋወጥን። እኔ መሪውን ያዝኩ፤ እሱ እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ ፌስታሉን አነሣ።

"ስሜ አለበት?" አለኝ።

"ስምህ የለበትም" አልኩት። እውነት ነው፤ "ባለቤቴ" እያልኩ ነው የጻፍኩት። እንግዲህ እኔ ሌላ ስንት ባል ኖሮኝ ነው!

ሁለት ዓመት ስጽፍ አንድም ገጽ አላነበብኩለትም ነበር። እንግሊዝኛው ይከብደዋል፣ ደክሞታል፣ ሲያልቅ አሳየዋለሁ እያልኩ አለፍኩት። ከቨርጂኒያ ተራራ ወርደን ሰሜን ካሮላይና ስንገባ አንደኛውን ምዕራፍ እያነበበ ፈገግ ይል ነበር። ስቴትስቪል ደርሰን ወደ 40 ቁጥር ስንታጠፍ ገጹን በቀስታ ያገላብጥ ነበር። ሂከሪን አለፍን፣ ሞርጋንተንን አለፍን፤ ድምፅ የለም። በጎን ሰረቅ አድርጌ ሳየው ሰባተኛው ምዕራፍ ጭኑ ላይ ነው፤ እሱ ግን መስኮቱን ነበር የሚያየው።

ኦልድ ፎርት ከምትባለው ትንሽ ከተማ በኋላ መንገዱ ይቆማል ማለት ይቻላል። በአሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ለሚወርዱት ከባድ መኪኖች ፍሬን እንቢ ቢላቸው የሚገቡባቸው ማምለጫ መንገዶች በጎን ተሠርተዋል። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሪጅክረስት ነው። ቦታው ውኃ የሚለያይበት ወገብ ነው፤ በምሥራቁ በኩል የወደቀ ዝናብ በካታውባ ወንዝ አድርጎ ወደ አትላንቲክ ይሄዳል፤ በምዕራቡ በኩል ጥቂት እርምጃ አልፎ የወደቀው በስዋናኖዋ፣ በፍሬንች ብሮድ፣ በቴነሲ፣ በኦሃዮና በሚሲሲፒ ዞሮ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል። እኔና ባለቤቴ በአንድ መኪና ውስጥ ተቀምጠን እንደዚያ ነበርን።

ሪጅክረስት የተመሠረተው በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። ደቡባዊ ባፕቲስቶች ለብዙ ዘመን ለበጋ ጉባኤያቸው ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ረጃጅም ዛፎች፣ አሮጌና አዲስ ሕንጻዎች፣ ሰፊ በረንዳ፣ በረንዳው ላይ ደግሞ በረድፍ የተደረደሩ ተወዛዋዥ ወንበሮች አሉት። በዚያው ተራራ ሥር በ1879 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የስዋናኖዋ የባቡር ዋሻ ያልፋል። የቆፈሩት በአብዛኛው ጥቁር እስረኞች ነበሩ፤ ብዙዎቹም እዚያው ቀርተዋል። በአቅራቢያው ያለው ማውንት ሚቸል ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው፤ 2,037 ሜትር። አንዲት የአገሩ ሴት በኩራት ይህን ስትነግረኝ አዲስ አበባ ከዚያ ትበልጣለች ብዬ ላስደነግጣት ነበር፤ ተውኩት። ቆላ ነው ብለው ግን እንዳይታለሉ። ማታ ማታ ይበርዳል፤ ሹራብ ይያዙ። ዳገት ስለሚበዛበት ዝቅ ያለ ጫማም ያስፈልጋል። እኔ ለአርታኢዎቹ ክብር ብዬ ባለ ተረከዝ ይዤ ሄጄ በሁለተኛው ቀን በነጠላ ጫማ ሆንኩ።

ሰኞ ጠዋት ከጉባኤው በፊት አስተያየት እንዲሰጥበት ልኬው የነበረው የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመለሰልኝ። ውድ አንባቢ፣ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ሲደርስዎ ብቻዎን ሆነው ይክፈቱት። የእኔው ከላይ እስከ ታች ቀይ ነበር። ሰዋስውን ያረመልኝ ጥቂት ነው። የበዛው ምልክት የነበረው "ጌታ ረዳኝ"፣ "ጸጋው በዛልኝ"፣ "ሰላሙን አፈሰሰልኝ" ባልኩባቸው ቦታዎች ላይ ነው። በእያንዳንዱ ትይዩ አንድ ዓይነት ጥያቄ ተጽፏል፤ "እንዴት? በዚያ ሌሊት በክፍሉ ውስጥ ምን ሆነ?" መጀመሪያ ተቆጣሁ። እምነቴን የነኩት መሰለኝ። ከቀትር በኋላ ሳስበው ግን ገባኝ። እኛ ለወገኖቻችን ስንመሰክር "ጌታ ረዳኝ" ካልን ይበቃል፤ አዳራሹ "አሜን" ይላል፤ ሁሉም የራሱን ሌሊት አስታውሶ ይሞላዋል። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ግን "አሜን" የሚለው ከጎኑ የለም። ብቻውን ነው፤ ነርሷ ምን እንዳለች፣ ሕፃኑ የተጠቀለለበት ጨርቅ ምን ዓይነት እንደነበረ ካልነገርኩት የረዳኝን ጌታ የሚያይበት መስኮት የለውም። ያን ቀን የተማርኩት ይህን ብቻ ቢሆን ኖሮ እንኳ ገንዘቡ አይቆጨኝም ነበር።

ምሳ ላይ አብረውኝ የተቀመጡት ሴቶች "በእናንተ አገር ሴት ክርስቲያን ጸሐፊዎች አሉ?" ብለው ጠየቁኝ። ስለ አስቴር ጋኖ ነገርኳቸው። ከባርነት ነጻ ወጥታ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረችው ኦሮሞ ሴት ናት። በ1899 እ.ኤ.አ. ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ቃላት በመሰብሰብ የደከመች እሷ ነች። ስሟን ስንቶቻችን እናነሣዋለን? ከሴቶቹ አንዷ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። እኔም ያን ጊዜ ነው ልጆቼም ስሟን እንደማያውቁ ትዝ ያለኝ።

ባለቤቴ በዚያ ቀን ሙሉ በረንዳው ላይ ነበር። እሑድ ማታ አልተናገረም፤ ሰኞ ጠዋትም "ሂጂ፣ ትምህርትሽን ተማሪ" ብሎኝ ቀረ። እራት ከበላን በኋላ "መኪና ላይ ውጪ" አለኝ። ብላክ ማውንቴን በምትባለው ከተማ አልፈን ወደ ሞንትሪት ወጣን። ሞንትሪት ከ1897 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጉባኤ መንደር የሆነች፣ ኋላም በፕሬስቢቴሪያኖች እጅ የኖረች ትንሽ ሸለቆ ናት። ቢሊ ግራሃምና ሚስቱ ሩት ልጆቻቸውን ያሳደጉት እዚያ ነው። አባቶቻችን በ1960 እ.ኤ.አ. ቢሊ ግራሃም አዲስ አበባ መጥቶ መስበኩን ያስታውሱ ይሆናል። ሩትም ግጥምና መጻሕፍት ጽፋለች። እሷ በ2007፣ እሱ በ2018 በዚያችው መንደር አረፉ። መካከሉ ላይ ሱዛን የምትባል ትንሽ ሐይቅ አለች። ዳሯ ላይ ተቀመጥን።

"ልቡን አደነደነ ብለሻል" አለኝ በመጨረሻ።

"አዎ።"

"እሑድ እሑድ የት እንደምሄድ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

"ሥራ ነበርክ።"

"ልጆቹን ይዘሽ ስትወጪ እኔም እወጣ ነበር። እናንተ ከአምልኮ እስክትወጡ እዚያው ነበርኩ። ሥራ የምገባው ከዚያ በኋላ ነው።"

"እዚያ የት?"

"ልጃችን ጋ።"

ሁለት ዓመት፣ እሑድ በእሑድ። እኔ መቃብሩ ጋ ከቀብሩ ቀን ወዲህ የሄድኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ አቅም አልነበረኝም። በመጽሐፌ ውስጥ ግን ሐዘኑን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ፤ እሱ የሸሸው ነበር። 450 ገጽ ስጽፍ አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁትም። "ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። "አንቺ ለሁሉ ሰው ሥራ ላይ ነው እያልሽ ነበር። ሥራ ላይ ሆንኩ" አለኝ። መልስ አጣሁ። እስኪጨልም ተቀመጥን፤ ከዚያ ብርዱ አስነሣን።

ቀጠሮዬ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ጸጉሯ የሸበተ ረጋ ያለች አርታኢ ገጿን ተቀብላ አነበበች፤ ከዚያ "የመጽሐፉ ልብ የትኛው ምዕራፍ ነው?" አለችኝ። ስድስት ወር የተለማመድኳት ሁለት ዓረፍተ ነገር ጠፋችብኝ። "ሰባተኛው ነበረ" አልኳት፤ "ትናንት ማታ ግን ትክክል እንዳልነበረ አወቅሁ።" የሆነውን በአጭሩ ነገርኳት። ሰዓቷን አየች። "ባለቤትሽ እዚህ ነው ያለው?" "በረንዳው ላይ ነው።" "ከእኔ ጋር ስምንት ደቂቃ ይቀርሻል። ለእሱ ብትሰጪው ይሻላል" ብላ ካርዷን ሰጠችኝ። እሱ አንብቦ "አዎ፣ እንዲህ ነበር" ያለውን ሦስት ምዕራፍ እንድልክላት፣ እስከዚያ ግን እንዳልቸኩል ነገረችኝ። ፌስታሉን አልነካችውም። ለካ እነሱ ረቂቅ ተሸክመው አይሄዱም፤ ኋላ በኢሜይል ነው የሚቀበሉት።

እዚህ ላይ ለባለትዳሮች አንድ ነገር ልበል። ትዳርዎን ወይም ቤተሰብዎን የሚነካ ነገር የሚጽፉ ከሆነ ለጉባኤው ከመመዝገብዎ በፊት ያንብቡላቸው። ሕጉም የሰውን ገመና በሚመለከት የሚለው አለው፤ እኔ የምለው ግን ስለ ሕጉ አይደለም። በአንድ ቤት ውስጥ በተፈጠረ ነገር ላይ ግማሹን ብቻ የሚያውቅ ጸሐፊ ሙሉውን ያወቀ ይመስለዋል። እኔ አንባቢዬን በብዙ ትጋት ግማሽ ነገር ላቀርብለት ነበር።

ከተመለስን በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገርዎ። ከ130,000 ቃል ወደ 76,000 አወረድኩት። ነቢዩ ኤርምያስ ያስጻፈውን ጥቅልል ንጉሥ ኢዮአቄም ቆራርጦ እሳት ውስጥ ሲጥለው ባሮክ እንደገና ተቀምጦ ጻፈ፤ ብዙም ተጨመረበት። የእኔን ጥቅልል ያቃጠለው ንጉሥ ሳይሆን ባለቤቴ በእርሳስ ነበር፤ ኅዳጉ ላይ በአማርኛ ይጽፍበታል። አርታኢዋ ሦስቱን ምዕራፍ አንብባ በጥሩ ቃል መልሳልኛለች፤ የእሷ ቤት ግን አልተቀበለውም። አሁን አንዲት የደራሲ ወኪል ዘንድ ነው።

ያየነው አገርም ብዙ መከራ አሳልፏል። መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ በዚያ በኩል ሲያልፍ ስዋናኖዋ ወንዝ ገንፍሎ ሸለቆውን አጥለቀለቀው፤ በሰሜን ካሮላይና ብቻ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። አብራን ምሳ ለበላችው፣ የአስቴር ጋኖን ስም ለጻፈችው ሴት ደወልኩላት። ቤቷ ቆላው ላይ ነበር። ከሳምንት በኋላ ነው ድምፅዋን የሰማሁት፤ በሕይወት አለች። ደብተሮቿ ግን ሁሉም በውኃ ሄደዋል። "ከመጀመሪያው እጀምራለሁ" አለችኝ። ምን እንደምላት አላውቅም ነበርና ዝም ብዬ አብሬያት ቆየሁ።

የመልሱን መንገድ ሳልጨርስ ግን። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ተነሥተን ያንኑ ዳገት ወረድን። ይህን ጊዜ እሱ እየነዳ ያወራኝ ነበር። ስለነዚያ እሑዶች፤ በረዶ በጣለበት ጠዋት መጥረጊያ ይዞ ስለመሄዱ፣ አጠገቡ ስላለው መቃብር የሚመጡ አንዲት የላቲን አሜሪካ ሴትዮ በቋንቋ ሳይግባቡ ቡና ያካፍሉት እንደነበር። እኔ ደብተሬን ይዤ ነበር፤ አንዳንዱን ጻፍኩ፤ አንዳንዱን "ይሄን አትጻፊው" አለኝ፤ አልጻፍኩትም። ሮኖክ ላይ ፔርሙሱን በጋዝ ስቴሽን ቡና ሞላን፤ ጣዕሙን አያድርስብዎ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ልጆቹ እህቴ ዘንድ ናቸውና የምንቸኩልበት ነገር አልነበረም። መታጠፊያችንን አልፎ ቀጥ ብሎ ነዳ፤ አልጠየቅሁትም። የመቃብሩ በር ተዘግቷል። መብራቱን አጥፍቶ ከአጥሩ ውጭ ቆምን። "ያቺን ዛፍ ታያታለሽ?" አለኝ። "ሥሯ የድንጋይ አግዳሚ አለ። እዚያ ላይ ነው።" ጨለማ ነበር፤ ዛፏ ብቻ ነው የታየችኝ። ከቦርሳዬ ደብተሬን አወጣሁ፤ ከዚያ መልሼ ከተትኩትና እጁን ያዝኩት።